እቴጌ ጣይቱ ብጡል፤ አስታማሚና ኀዘንተኛ

የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም ሲነሣ ለብዙው ሰው ቀድሞ የሚታወሰው የዐድዋ ጦርነትና የአዲስ አበባ መቆርቆር ነው። ስለ ሰው ልጅ ጤንነት፣ ስለ ሥጋውም ሆነ ስለ መንፈሱ፣ ለሚያስብ ባለሙያ ግን የሕይወታቸው ሌላ ገጽ አለ። ይህም ገጽ የሚጀምረውም የሚፈጸመውም በእንጦጦ ነው።

ከስሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱት ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን በአንኮበር ሲያገቡ፣ የሸዋ መንግሥት መቀመጫ ወደ እንጦጦ ተራራ በመዛወር ላይ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ የሚለው ይህ ስፍራ ለመከላከያ የተመቸ ነበር። ለኑሮ ግን ብርዱ የበረታ፣ ነፋሱ የማያባራ፣ ማገዶውም የሚያጥር ነበር። ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ደግሞ የአካባቢው የኦሮሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው የፍንፍኔ ፍል ውሃ ይፈልቅ ነበር። መኳንንቱና ሠራዊቱ ቁርጥማትን ለመታከም ወደዚያ ይወርዱ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳሉ፣ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ስለዚህ ርዕሰ ከተማችን ስትቆረቆር ከምክንያቶቹ አንዱ የገላ ጤንነት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጣይቱ የውሃን ኃይል በጦርነትም አሳይተዋል። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌ ምሽግ የተከበበ ጊዜ፣ የጠላት ጦር የሚጠጣው ምንጭ እንዲያዝ መክረው አስፈጸሙ፤ ምሽጉም በጥር ወር ተለቀቀ። በዐድዋ ዕለት ደግሞ ሴቶቹን አሰልፈው ለተጠማውና ለቈሰለው ውሃ ሲያቀርቡ ዋሉ።

ከሁሉ የረዘመው ዘመቻቸው ግን የማስታመም ዘመቻ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀመራቸው ሕመም አካላቸው እየሰነፈ አንደበታቸው እየተያዘ ሄደ። እቴጌይቱ የአልጋው አስታማሚም የመንግሥቱ አስተዳዳሪም ሆኑ። ሹመት ሽረቱን በእጃቸው ማድረጋቸው መኳንንቱን አስቈጣ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ የተተወላቸውም በሽተኛውን መጠበቅ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ያንኑ ሲያደርጉ ኖሩ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ግን ለመንግሥት ጸጥታ ሲባል በይፋ ሳይታወጅ ቀረ። በአገራችን ባህል ኀዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሙሾ ይወርዳል፤ ደረት ይደቃል፤ ቀናቱ እየተቈጠሩ ዕንባው ይደርቃል። ልማዱ ከሥርዓትነቱ ሌላ የተሰበረ መንፈስ መጠገኛ ነው። ደሀው ጎጆ የማያጣው ይህ መጽናናት ለንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ሳይደርሳቸው ቀረ። ወዲያውም ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው፣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ለጤና ሲሉ ትተውት ወደ ወረዱት ብርዳም ተራራ ተላኩ።

ምኒልክ ጥቅምት 25፣ እርሳቸውም ጥቅምት 27 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም የስደታቸው መጠጊያ ሆነች። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከተሻሩ በኋላ ወደ ጎንደር ለመሄድ ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በዚያው ዐርፈው በዚያው ተቀበሩ። ዐፅማቸው ወደ በአታ ፈልሶ ከባለቤታቸው ጎን ያረፈው በኋላ ዘመን ነው።

ዛሬም እንጦጦ ማርያም ከየአገሩ በሽተኛ ለጠበል የሚመጣባት ደብር ናት፤ የአእምሮ ሕመም የያዛቸውም ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ መምከራቸው፣ እምነትና ሕክምና ተደጋግፈው ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳየ ነው። ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ጎን ግን እናት፣ ሚስት ወይም ወንድም ቆሟል። የሚጠየቀው ሕመምተኛው ነው፤ አስታማሚውን እንዴት ሰነበትክ የሚለው ጥቂት ነው። የእቴጌ ጣይቱ የመጨረሻ ዓመታት ለማኅበረሰብ ጤና የሚተዉት ትምህርት ይህ ነው። አስታማሚውም ጠያቂ፣ ኀዘንተኛውም አልቃሽ ወገን ያስፈልገዋል።