ማትሱኦ ባሾና ዐሥራ ሰባቱ ቀለም

ቤት የማይመታ ግጥም ግጥም አይባልም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የጃፓናዊውን ባለቅኔ የማትሱኦ ባሾን ታሪክ ስታነቡ ግን ይህን አሳብ ለጊዜው አቆዩት።

ባሾ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1644 በኢጋ አውራጃ ተወለደ። በወጣትነቱ ያገለግለው የነበረው መስፍን ልጅ ቶዶ ዮሺታዳ የግጥም ጓደኛውም ነበር። ዮሺታዳ በ1666 ሲሞት ባሾ ተስፋ ያደረገበት ኑሮ ፈረሰ። በ1672 ወደ ኤዶ፣ ዛሬ ቶኪዮ ወደምትባለው ከተማ፣ ሄዶ የግጥም መምህር ሆነ። ዝናና ደቀ መዛሙርት ባገኘ ጊዜ ግን ከተማውን ትቶ በወንዝ ዳር ባለች ጎጆ ተቀመጠ። አንድ ደቀ መዝሙሩ በደጁ የተከለለት ተክል የሙዝ ዘመድ ነበር፤ ስሙም ባሾ ነው። ከነፋስ የተነሣ ቅጠሉ የሚተለተለውን ይህን ተክል ስለ ወደደው የብዕር ስሙ አደረገው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ጎጆዋ በእሳት ጋየች።

አሁን ወደ ግጥሙ እንምጣ። ሃይኩ የሚባለው ግጥም 17 ቀለም ብቻ አለው፤ አከፋፈሉም 5፣ 7፣ 5 ነው። በእኛ የወል ቤት አንድ ስንኝ 12 ቀለም ይዞ ስድስት ስድስት ሆኖ እንደሚከፈል ታውቃላችሁ፤ እንግዲህ ሙሉው ሃይኩ ከአንድ ስንኛችን የሚበልጠው በአምስት ቀለም ነው። የጃፓን ቃላት አብዛኞቹ ከአምስት አናባቢዎች በአንዱ ስለሚያበቁ ቤት መምታት እዚያ ብርቅ አይደለም፤ ባለቅኔውም አይደክምበትም። የሚደክመው ወቅትን የሚያመለክት ቃል ለመምረጥና ግጥሙን በአንዲት ቆራጭ ቃል ለሁለት ለመክፈል ነው።

በ1686 የገጠመውን የእንቁራሪት ግጥም ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀለሞች ስፍራውን ያሳያሉ፤ በቆራጭ ቃልም ይዘጋሉ። ሰባቱ የእንቁራሪቷን ዝላይ ይይዛሉ። የመጨረሻዎቹ አምስት ለድምፅ ተትተዋል። እንቁራሪት የጸደይ ምልክት ናት፤ የቀድሞዎቹ ባለቅኔዎች ግን ጩኸቷን ነበር የሚያወድሱት። ባሾ ዝም አሰኛትና ውኃውን አናገረ። ከዚህ የበለጠ ድፍረት በ17 ቀለም ማሳየት የሚቻል አይመስለኝም።

በ1689 ከደቀ መዝሙሩ ከሶራ ጋር ወደ ሰሜን 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ የጉዞውን መጽሐፍም ለዓመታት ሲያርመው ቆየ። መጽሐፉ የታተመው ግን በ1702፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ ነው። በ1694 መጸው ኦሳካ ላይ ታመመ። ከአልጋው ሳይነሣ፣ በደረቀ መስክ ላይ ስለሚንከራተት ሕልም የመጨረሻውን ግጥም ለደቀ መዛሙርቱ አጻፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፈ፤ ደቀ መዛሙርቱም አስከሬኑን በጀልባ ወስደው፣ እንደ ምኞቱ በቢዋ ሐይቅ አጠገብ ቀበሩት።