ሩዶልፍ ፊርሆ፤ የህዋስ ሊቅና የከተማ ጤና ጠበቃ

ሩዶልፍ ፊርሆ እ.ኤ.አ. በ1821 በፕራሻ ግዛት፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው የሺፈልባይን ከተማ ተወለደ። በበርሊን የሕክምና ትምህርቱን በ1843 ፈጸመ። በ1848 መንግሥት በላይኛው ሲሌዥያ የገባውን የተስቦ ወረርሽኝ እንዲመረምር ላከው። ያቀረበው ዘገባ ግን ላኪዎቹን የሚያስደስት አልነበረም፤ ለእልቂቱ ድህነትን፣ ረሀብንና የትምህርት እጦትን ተጠያቂ አደረገ። በዚያው ዓመት በበርሊን ከተነሣው ሕዝብ ጋር በመሰለፉ ከመንግሥት ጋር ተቃቃረና ወደ ቩርትስቡርግ ሄደ፤ የተመለሰው በ1856 ነው።

በ1858 ባሳተመው መጽሐፉ ማንኛውም ህዋስ ከሌላ ህዋስ እንደሚወለድ፣ በሽታም ከህዋስ መታወክ እንደሚመነጭ አስረዳ። ስለ ነቀርሳ አመጣጥ ግን ተሳሳተ። ነቀርሳ የሚበቅለው የአካል ክፍሎችን ከሚያያይዘው ህብረ ህዋስ ነው ብሎ ያምን ነበር። ቲርሽ በ1865፣ ቫልዳየርም በ1867 ባወጧቸው ጥናቶች አብዛኛው ነቀርሳ የሚነሣው ቆዳንና የአካል ክፍሎችን ገጽ ከሚሸፍኑ ህዋሳት መሆኑን አሳዩ። የፊርሆ ዝና ታላቅ ስለ ነበረ ግን እውነቱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም።

ፊርሆ በበርሊን ከተማ ምክር ቤት አባልነቱ ለንጹሕ ውሃና ለፍሳሽ ማስወገጃ አጥብቆ ታገለ። መሐንዲሱ ጀምስ ሆብሬኽት ከተማዋን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ የየክፍሉን ፍሳሽ በፓምፕ ከከተማ ውጭ ወዳሉ ማሳዎች የሚያደርሰውን የቦይ መረብ ነደፈ፤ ግንባታውም በ1870ዎቹ ተጀመረ። ሐኪሙ የበሽታውን ምክንያት፣ መሐንዲሱም መፍትሔውን ይዘው ተገናኙ። ፊርሆ በ1902 አረፈ።

የኋላ ዘመን ምርምር ነቀርሳው ከየት እንደሚነሣ ተቃዋሚዎቹ ትክክል መሆናቸውን አጸና። ነገር ግን ፊርሆ ትኩረት የሰጠው አያያዥ ህብረ ህዋስም ዝም ብሎ የሚታይ ሙሌት አለመሆኑን ገለጸ። በጡቦች መካከል እንዳለ ሲሚንቶ በህዋሳት መካከል የተዘረጋው ነገር፣ ከፕሮቲን አካልና ከረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች የተሠሩ ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ ውህዶችን ይዟል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዴኮሪን የእድገት መልእክቶችን በመያዝ ዕጢን ሊገታ ይችላል፤ ቨርሲካን ደግሞ በብዙ ዕጢዎች ውስጥ በዝቶ ሲገኝ የነቀርሳ ህዋሳትን እንቅስቃሴ ያግዛል። ሄፓራኔዝ የተባለው ኢንዛይም የሄፓራን ሰልፌትን ሰንሰለቶች ሲቆርጥ፣ በዚያ ታስረው የቆዩት የእድገት መልእክቶች ይለቀቃሉ፤ ለዕጢው መስፋፋትም መንገድ ይከፈታል።

ስለዚህ ፊርሆ የነቀርሳን መነሻ ቢስትም፣ የሰውን ጤና ከሚኖርበት ከተማ ነጥሎ እንዳላየ ሁሉ፣ የዛሬው ሳይንስም የታመመውን ህዋስ ከአካባቢው ነጥሎ አይመረምርም።