በዓሉ ግርማና የጋዜጠኛ አደራ

ከፉሪ በስተ ምሥራቅ፣ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በቃሊቲ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ መንገድ አለ። በፉሪ ሰፈር ለምንኖር ተማሪዎች ይህ መንገድ የየዕለት መመላለሻ ነው እንጂ ሌላ ትዝታ የለውም። ነገር ግን በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. የጋዜጠኛውና የደራሲው የበዓሉ ግርማ መኪና ያለ ባለቤቷ የተገኘችው በዚሁ በቃሊቲ መንገድ ነው። ስለ ሰውየው ብዙ ተጽፏል። እኛ ሕይወቱን ስንመለከት የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጋዜጠኛ በአደራ የሰማውን ነገር ምን ያደርገዋል የሚለው ነው።

በዓሉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በሚባል ስፍራ፣ ከሕንዳዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዘነበ ወርቅ፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከገባ በኋላ የተማሪዎችን ጋዜጣ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»ን አዘጋጅቷልና እንደ እኛው በተማሪ ብዕር የጀመረ ሰው ነው። ከዚያም በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርቱን ተከታትሎ ተመለሰ። «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ንና «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በየጊዜው አዘጋጅቷል። በዚሁ መካከል «ከአድማስ ባሻገር»ን የመሳሰሉ ልብ ወለዶች ጻፈ። የ«ደራሲው» ዋና ሰው ሲራክ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል እንደ ተቀረጸም በሰፊው ይነገራል፤ ስለዚህ በሕይወት ያለን ሰው በሌላ ስም ማቅረብ ለበዓሉ አዲስ ነገር አልነበረም።

በደርግ ዘመን በማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ሆነ። የችግሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋዜጠኛ ሆኖ ለማወቅ ይፈልጋል፤ ባለ ሥልጣን ሆኖ ደግሞ ያወቀውን ጋዜጣ እንዳያወጣው የሚጠብቅ ቤት ውስጥ ይሠራል። ለዓመታት ያንን ቤት አገልግሏል፤ ይህን መሸፈን ለእርሱ ክብር አይሆንም።

በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ በኤርትራ ሲካሄድ በዓሉ በአሥመራ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ ተሰልፎ ነበር። ሹማምንቱና መኮንኖቹ የእኛ ሰው ነው ብለው በፊቱ ይነጋገሩ ነበር። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ብዙ ወጣት አልቆ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት «ኦሮማይ» ታተመ። የመጽሐፉ ዋና ሰው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ በእርሱ ዓይን አንባቢው የሹማምንቱን ድግስ፣ የስለላውን መረብ፣ በመጨረሻም የናቅፋን ተራሮች ያያል። ስሞቹ ተለውጠዋል፤ ነገር ግን ባለ ጉዳዮቹ መልካቸውን ዐወቁት።

አንዳንዶች በአደራ የሰማውን አወጣ ብለው ይወቅሱታል። እኛ ሁለት ዓይነት ምስጢር ያለ ይመስለናል። አንደኛው የደካማው ምስጢር ነው፤ እውነቱን የተናገረው ሰው እንጀራውን ወይም ሕይወቱን እንዳያጣ ይጠበቅለታል። ሁለተኛው የኃያሉ ምስጢር ነው፤ በሕዝብ ስም የተሠራውን ሥራ ከሕዝብ ይሰውራል። በናቅፋ ልጁ የቀረበት ወላጅ ይህን ሁለተኛውን የማወቅ መብት ነበረው። በዓሉ ያወጣው እርሱን ነው፤ ሲያወጣም በሌላ ሰው ጀርባ አልተሸሸገም፤ በሽፋኑ ላይ የገዛ ስሙን አኖረ።

ዋጋውንም የከፈለው ራሱ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። የመንግሥት የጸጥታ ሰዎች እንደ ገደሉት በሰፊው ይታመናል። ዛሬም ቤተ ሰቡ አበባ የሚያኖርበት መቃብር የለውም። የሚያውቁት ሰዎች ዝም አሉ፤ እንዲህ ያለውን ዝምታ አደራ መጠበቅ የሚለው አይኖርም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ስለ ራሳችንም ነው። ባለፈው መንፈቅ በዚህ መጽሔት ስለ ምግብ ቤት ባወጣነው ጽሑፍ የነገረችንን ሠራተኛ ስም ትተን፣ የምትሠራበትን ሰዓት ግን ጻፍን። በማግሥቱ ማን እንደ ሆነች ሁሉም ዐወቀ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችንን አትመልስም፤ እውነት አላት። በዓሉ ስም ቢለወጥም ሰው እንደሚታወቅ እያወቀ ጻፈ፤ አደጋው ግን በራሱ ላይ ነበር። እኛ ሳናስብ ጻፍን፤ አደጋው በእርስዋ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደ እኛ መጥቶ የሚናገር ሰው ሲኖር ብዕር ከማንሳታችን በፊት ይህ ቢታወቅ የሚጎዳው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። የሚጎዳው ደካማው ከሆነ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም፣ ቦታውንም፣ የአነጋገሩን ለዛም እንተው፤ ይህም ካልበቃ ጽሑፉ ይቆይ። የሚጎዳው ኃያሉ ከሆነ ግን እንጻፈው፤ ከሥሩም ስማችንን እናኑር።