ንጉሥ ሚካኤልና የንጉሥ ጸሎት

አንባቢ ሆይ፤ እግዚአብሔር ከንጉሥ የሚሻው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ብትወድ፥ በዳዊት መጽሐፍ 71ኛውን መዝሙር አንብብ፤ በዕብራይስጡ አቈጣጠር 72ኛው ነው። ስለ ሰሎሞን የተጸለየ ጸሎት ነው። የሳባ ነገሥታት እጅ መንሻ ይዘው ሲመጡ በዚያ ታያለህ፤ ነገር ግን ለንጉሡ አስቀድሞ የተለመነለት ወርቅ አይደለም፥ ለድኃ በቅን መፍረድ ነው። ለንጉሡም ልጅ የተለመነለት ጽድቅ ነው። ይህን በልብህ ይዘህ የወሎውን ንጉሥ የሚካኤልን ሕይወት ተመልከት።

ሚካኤል አስቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ ከወሎ የእስላም መሳፍንት ወገን ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ወይም ሹመታቸውን እንዲተዉ ታዘዘ። እርሳቸውም ተጠመቁ፤ ዐፄ ዮሐንስም የክርስትና አባት ሆኑላቸው። ኋላም የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ኢያሱን ወለዱ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ዘመቱ፤ በ1906 ዓ.ም. በደሴ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ነገሡ።

ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥተህ ደሴ ስትደርስ እርሳቸው ያሠሩትን ትልቅ የግብር አዳራሽ ታገኛለህ፤ ስሙ አይጠየፍ ነው። እንዴት ያለ መልካም ስም ነው! ነገር ግን፥ ወዳጄ ሆይ፥ ወደ ንጉሥ አዳራሽ የሚገባው እህልና ሰንጋ ከገበሬው ደጅ የወጣ መሆኑን አትርሳ። በማዕድ ያልተጠየፈ ድኃ በፍርድ አደባባይ ቢጠየፍ፥ ግብሩ ምን ይጠቅመዋል? መዝሙሩ ንጉሥን የሚመዝነው በአዳራሹ ስፋት አይደለም፥ ረዳት የሌለው ሰው ሲጮኽ በመስማቱ ነው።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። አባትም ስለ ልጃቸው ዙፋን የወሎን ሠራዊት አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቈይተው እስረኛ እንደ ሆኑ ሞቱ። በዚያ ሜዳ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው ወደቀ፤ ስለ ዙፋን ተጣልቶ የማያውቅ ባላገር እርሻውን ትቶ ሄዶ አልተመለሰም። የአባት ፍቅር ነውር የለበትም፤ ዋጋውን ግን የከፈለው የሌላው ሰው ልጅ ነው። በመዝሙሩ የድኃው ደም በንጉሡ ፊት ክቡር ነው።

እኔ ንጉሥ አይደለሁም ትል ይሆናል። ነገር ግን በቤትህ ሎሌ፥ በገበያ ሚዛን፥ በሸንጎም ድምፅ ካለህ፥ ከአንተ የሚያንስ ሰው በእጅህ አለ። እንግዲህ ለልጅህ ስትጸልይ ሀብትንና ሹመትን አታስቀድም፤ ለድኃ የሚፈርድ ልብ ይሰጠው ዘንድ ለምን፥ አንተም አስቀድመህ እንዲሁ አድርግ።