ስለ መምህር ኤሊዩድ ማቱ

 ባለፈው የመውጫ ፈቃድ ተሰጥቶኝ ለወረቀት ጉዳይ ናይሮቢ ሰንብቼ ነበር። ያረፍኩት ዳጎሬቲ በኩል ነው። ማታቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ መኖሩን በየደቂቃው ስዳብስ፣ የዚያ ሰፈር ልጅ የነበሩት መምህር ኤሊዩድ ማቱ ትዝ አሉኝ። ክፍል ውስጥ ስማቸውን እጠራለሁ እንጂ ሕይወታቸውን ተርኬ አላውቅም። እስቲ ዛሬ ልሞክር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማቱ በ1910 ሪሩታ ተወለዱ። አሊያንስ ሃይስኩል በ1926 ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ በኋላም እዚያው አስተማሩ። ደቡብ አፍሪካ ፎርት ሄር፣ ከዚያም እንግሊዝ አገር ኤክሰተርና ኦክስፎርድ ተምረው ሲመለሱ እንደገና ጠመኔ ያዙ። ኪኩዩዎች ከሚሲዮኖች ጋር ተጣልተው፣ ወላጅ ሳንቲም እያዋጣ የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች አቁመው ነበር። ማቱ ዳጎሬቲ ውስጥ ከእነዚህ የአንዱ ርዕሰ መምህር ሆኑ።

በኦክቶበር 1944 የእንግሊዝ አስተዳደር የሕግ ምክር ቤት ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ በፊት በምክር ቤቱ ስለ አፍሪካዊው እንዲናገሩ የሚሾሙት ነጮች ነበሩ፣ ለምሳሌ ሚሲዮናውያን። ማቱንም ቢሆን ሕዝብ አልመረጣቸውም፣ ተሾሙ ነው የሚባለው። ሆኖም የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሳቸው ናቸው። በዚያው ሰሞን ከጀርባቸው የሚቆም ማኅበር ተቋቋመ፤ ይህ ማኅበር በኋላ ጆሞ ኬንያታ የመሩት የኬንያ አፍሪካ ኅብረት ነው።

እኔን የሚስበኝ የኪፓንዴው ነገር ነው። ኪፓንዴ ማለት ዕድሜው ከ16 በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ይዞ እንዲዞር የሚገደድበት ወረቀት ነበር። ሕጉ የወጣው በ1915 ሲሆን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሥራ ላይ ዋለ። የጣት አሻራው፣ የአሠሪው ስም፣ ደመወዙ ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል። በትንሽ ቆርቆሮ ተከቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አሠሪው ሳይፈርምለት ሥራ የለቀቀ ሰው ይታሰራል። ነጩ እንዲህ ያለ ወረቀት አይያዝም። ማቱ ምክር ቤት ከገቡ በኋላ ይህን ነገር ደጋግመው አነሱ። በ1947 ዘር ሳይለይ ወንድ ሁሉ እንዲመዘገብ የሚል ሕግ ወጣ። ያኔ ነጮቹ እኛ እንደ ወንጀለኛ የጣት አሻራ አንሰጥም ብለው ተንጫጩ! እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይስቃሉ። ሁላችንም አሻራ ሰጥተን የተመዘገብን ነና።

በኦክቶበር 1952 የማው ማው አመፅ በረታና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የኪኩዩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጊቱንጉሪ የነበረው የመምህራን ኮሌጅማ የስቅላት ቦታ ሆነ። አስተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ይህን ሳስብ ይከብደኛል። ማቱ በምክር ቤቱ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ መሀል ቤት ቀሩ፦ ለነጮቹ ኪኩዩ ናቸው፣ ለታጋዮቹ ደግሞ የነጮች ሰው። እኔ ከነጮች ጋር ተቀምጠው መነጋገራቸውን አልነቅፍም። ግን ጫካ የገባ ልጅ ያለው ወላጅ እንዴት እንደሚያያቸውም ይገባኛል።

በ1957 አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወካይ መረጡ። ኪኩዩ፣ ኤምቡና ሜሩ ግን ለመምረጥ የታማኝነት ወረቀት ማሳየት ነበረባቸው። ያ ወረቀት የሌለው ኪኩዩ ብዙ ነው። ማቱ ከሜሩ በመጡት በበርናርድ ማቴ ተሸነፉ። በወረቀት ሲከራከሩ ኖረው በመጨረሻ ወንበራቸውን ያጡት ወረቀት በበዛበት ምርጫ ሆነ።

ከዚያ የት ሄዱ መሰላችሁ? አዲስ አበባ! የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ሠሩ። ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ አገራቸው ተመልሰው በኬንያታ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ በ1993 አረፉ።

ከናይሮቢ ስመለስ ይህን ለአምስተኛ ክፍል ነገርኳቸው። ካምፕ ውስጥ የተወለደች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ቲቸር፣ ሰውዬው አዲስ አበባ ሲሄዱ ፈቃድ የሰጣቸው ማነው ብላ ጠየቀችኝ።