ጀምስ ብሩስ፤ ከግብጽ መቃብሮች እስከ ግሽ ዓባይ



እድር የሚቆመው የሞተን ሰው በወጉ ለመቅበርና ቤተሰቡን ለማጽናናት ነው። ከዚያም ሌላ የሟች ስም ከነቀኑ በመዝገብ እንዲሰፍር ያደርጋል። እኔም ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስሁ ጡረተኛ ስለሆንሁ፣ ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ መቃብርና ስለ መዝገብ የሚያስተምር የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አቅሜ በፈቀደ መጠን ላቀርብ ወደድሁ።

ሰውየው ጀምስ ብሩስ ነው። ከኛ ከዘንገና በስተምሥራቅ፣ ለብርቱ እግረኛ የአንድ ቀን መንገድ ከሚሆነው ከግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ የተመለሰ ፈረንጅ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ነገር ግን ወደኛ ከመምጣቱ በፊት የግብጽን ፒራሚዶችና የነገሥታት መቃብር ማየቱ፣ ሲመለስም የመርዌን ፍርስራሽ ማግኘቱ እምብዛም አይነገርለትም። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ብሩስ በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ተወለደ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ጠጉሩ ቀይ፣ ኩሩና ቁጡ ሰው ነበር። ሕግ መማር ጀምሮ ተወው። በ1754 አገባና በሚስቱ ወገኖች የወይን ጠጅ ንግድ ገባ፤ ሚስቱ ግን ዓመት ሳይሞላት ፓሪስ ላይ በሳንባ በሽታ ሞተችበት። ሐዘኑን ለመርሳት ብሎም እንደሆነ እንጃ፣ አገር ለአገር መዞርና ቋንቋ ማጥናት ያዘ። ዐረብኛና ግዕዝ ተማረ። በ1763 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ገባ፤ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያም በሰሜን አፍሪካና በሶርያ ያለውን የሮማውያን ፍርስራሽ እየለካና እያሣለ ዞረ። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበረ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ግብጽ የገባው በ1768 ነው። ፒራሚዶቹን ባየ ጊዜ ድንጋዩ ከሩቅ ተራራ የመጣ ነው የሚባለውን አልተቀበለም፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ቢጠረግ እዚያው የበቀለው አለት እንደ ደረጃ ተጠርቦ ይገኛል ብሎ ጻፈ። ነገሩ በከፊል እውነት ሆኗል። ትልቁ ፒራሚድ በተፈጥሮ ጉብታ አለት ላይ የተሠራ ነው፤ አብዛኛው ድንጋይም የተፈለጠው ከዚያው ከአጠገቡ ነው። ይሁን እንጂ በማን ዘመን እንደተሠራ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል በዚያን ጊዜ ማንም አልነበረም። በግብጽ ድንጋይ ላይ ያለውን ጽሕፈት የሚያነብ ሰው ከዓለም ጠፍቶ ነበርና። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ከየትኛው ፋይል እንደሚገባ አይታወቅም። ፒራሚዱም በዚያን ጊዜ ቀን የሌለው ደብዳቤ ነበር ማለት ነው።

በ1769 መጀመሪያ ብሩስ በዓባይ ሽቅብ ተጉዞ ጤቤስ ከተባለው ጥንታዊ ከተማ ደረሰ። እዚያ ከተራራ ሥር ከተቆፈረ የንጉሥ መቃብር ገብቶ በግድግዳው ላይ በገና የሚመቱ ሁለት ሰዎች ተሥለው አገኘና ሥዕላቸውን ገለበጠ። የማን መቃብር እንደሆነ አላወቀም። በ1822 ሻምፖሊዮን የተባለው ፈረንሳዊ የግብጽን ጽሕፈት ምስጢር ከፈተና በኋላ ግን የግድግዳው ስም ተነበበ፤ መቃብሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1155 ገደማ የሞተው የራምሴስ ሦስተኛ ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬም የብሩስ መቃብር እያሉ የሚጠሩት አሉ።

ከግብጽ በቀይ ባሕር ዞሮ በመስከረም 1769 ምጽዋ ወረደ። በአክሱም በኩል አልፎ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። ጊዜው የዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ቢሆንም አድራጊ ፈጣሪው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ከተማው በፈንጣጣ ተይዞ ስለነበር ብሩስ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን ልጆች አስታመመ። በዚህም እቴጌይቱም፣ የራስ ሚካኤል ባለቤት ወይዘሮ አስቴርም ወደዱት፤ ከቤተ መንግሥትም ሹመት አገኘ።

የሱ ሐሳብ ግን ዓባይ ነበር። መንገዱ ቀላል አልነበረም፤ ዳሞትንና የአገውን ምድር የያዘው ፋሲል ከራስ ሚካኤል ጋር የሚዋጋ ሰው ነውና። ፋሲል መጀመሪያ ቢያላግጥበትም ኋላ ወደደውና አንድ ፈረስ ሰጠው፤ ኮርቻና ልጓሙ እንደተጫነ ፊት ፊት እንዲነዳውም መከረው። የአገሩ ሰው የፋሲልን ፈረስ ካየ እንግዳውን አይነካውም። የፈረስን ክብር ለአዊ ሰው መንገር አያሻም። ብሩስ በዚህ ዓይነት ቅልጢን ተሻግሮ ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ምንጩን ባየ ጊዜ በኮኮናት ቅል ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። ወዲያው ግን ደስታው ጠፍቶ ትካዜ ያዘው። ይህን ሁሉ ሞት አልፌ ያየሁት ይህችን ትንሽ ረግረግ ነው ወይ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ግሽ የተቀበሉት ክፍለ ዓባይ የሚባሉ፣ የወንዙ አገልጋይና የአገሩ ሹም የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ብሩስ ከሳቸውና ከሕዝቡ የሰማውን መዘገበ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሲርየስ የተባለው ብሩህ ኮከብ መጀመሪያ ሲታይ የጎሣው አለቆች ከምንጩ ተሰብስበው ጥቁር ጊደር ያርዱ እንደነበር ጽፏል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የጥንት ግብጾችም የዓባይን ሙላት የሚጠብቁት ይኸው ኮከብ ጎሕ ሲቀድ ብቅ ሲል ነበር። ኋላም የነሱን ዘመን ለማስላት ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ሆኗል። በሴኑስሬት ሦስተኛ በነገሠ በ7ኛው ዓመት ኮከቡ የሚወጣበትን ቀን የሚያስታውቅ ጽሑፍ ተገኝቶ፣ ያን ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1870 ገደማ አድርገው አስልተውታል።

ሌላም ሥራ አለው። መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትና ወደ ዳሞት አገው ቋንቋ አስተርጉሞ ወሰደ። ጋፋት ዛሬ ተናጋሪ የለውም፤ ያ ጽሑፍ ቋንቋውን ለማወቅ ከሚረዱት አንዱ ነው። የኛም አዊኛ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ መታየቱ የሚያኮራ ነው።

በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወደ ግብጽ አቀና። በ1772 ሸንዲ ከተባለው የሱዳን ከተማ አጠገብ ሲያልፍ የተሰበረ የሐውልት እግርና የድንጋይ ክምር አየ። ይህ የጥንቱ የመርዌ ከተማ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተና መንገዱን ቀጠለ። ግምቱ ልክ ነበር። ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ በ1821 ሄዶ የመርዌን ፒራሚዶች ሣለ። በ1834 ደግሞ ፈርሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ ወርቅ ፍለጋ የብዙዎቹን ጫፍ አፈረሰ፤ የሙታን ማረፊያ እንዲህ ተደፈረ። ከ1909 እስከ 1914 ጋርስታንግ የተባለው እንግሊዛዊ ከተማውን ሲቆፍር መርዌ መሆኑ ያለጥርጥር ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ራይዝነር የሚባል አሜሪካዊ መቃብሮቹን ቆፍሮ፣ የቆሙበትን ቦታ፣ አሠራራቸውንና አብሮ የተቀበረውን ዕቃ እያስተያየ ነገሥታቱን በተራ አሰለፋቸው። የመርዌ መንግሥት በ350 ዓ.ም. ገደማ ማብቃቱን ለመገመትም ከሚረዱት አንዱ የኛው ንጉሥ ኢዛና ወደዚያ ስለ መዝመቱ አክሱም ላይ ያስጻፈው ድንጋይ ነው።

ትልቁም የግብጽ ፒራሚድ ቀኑን አግኝቷል። ያሠራው ንጉሥ ኩፉ ሲሆን ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2560 ገደማ ነው፤ ቁመቱ መጀመሪያ 146 ሜትር ያህል ነበር። በ1984ና በ1995 ከድንጋዩ መካከል ካለው ምርጊት ውስጥ የከሰል ስባሪ ተለቅሞ ተመረመረና በመጠኑ የቀደመ ዘመን አሳየ። ሠራተኞቹ አሮጌ እንጨት ጭምር ያነዱ ስለነበር ይሆናል ይላሉ። ለኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀኝ በ2013 በቀይ ባሕር ዳር የተገኘው የፓፒረስ ወረቀት ነው። ሜረር የሚባል የሥራ ተቆጣጣሪ በኩፉ ዘመን መጨረሻ ነጩን ድንጋይ ከቱራ ወደ ጊዛ በጀልባ ሲያመላልስ የዕለት ሥራውን ቀን በቀን አስመዝግቧል። የአንድ ጸሐፊ የቀን መዝገብ ከ4500 ዓመት በኋላ ለንጉሥ መቃብር መሰከረ! ጀልባዎቹን እስከ ፒራሚዱ ሥር ያደረሰው የክረምቱ ሙላትም አብዛኛው ከኛ ደጋ የወረደ ውኃ ነው።

ወደ ብሩስ ልመለስ። በኑቢያ በረሃ ግመሎቹ አልቀው መጻሕፍቱንና መሣሪያውን አሸዋ ላይ ጥሎ አስዋን ገባ፤ ነፍሱ መለስ ስትል ተመልሶ ሄዶ ሁሉንም አነሣ። ከኢትዮጵያ ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል። ሆኖም በ1774 ለንደን ሲገባ ብዙ ሰው ሳቀበት። ሐበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱ እንደ ቅጥፈት ተቆጠረ፤ እኛ በየበዓሉ የምንበላውን ብርንዶ ማለት ነው። የበገና መቺዎቹም ሥዕል ውሸት ተባለ። ዕውቁ ጸሐፊ ዶክተር ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። አኩርፎ ወደ ኪኔርድ ገባና መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው፤ አምስት ቅጽ ሆነ። በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲወርድ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከናፖሊዮን ጋር ግብጽ የሄዱ ሊቃውንት የበገና መቺዎቹን ሥዕል ከግድግዳው ላይ አዩት። ብሩስ በፈረንጅ ወግ አሳምሮ ይግለጠው እንጂ ውሸት አልነበረም። እውነቱ የወጣለት ከሞተ በኋላ ሆነ።

ታዲያ ሙሉውን መናገር ካለብን ብሩስም ሰው በድሏል። ከሱ 152 ዓመት በፊት፣ በ1618፣ ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ይህንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር። ብሩስ ግን ይህን አውቆ ፓኤዝ አላየም ብሎ ተከራከረ፤ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ አለ። ከፓኤዝም በፊት አገው ከውኃው ዳር ይኖር እንደነበር የታወቀ ነው። ያ ያዙልኝ ያልኋችሁ ባሉጋኒስ? አብሮት ግሽ ድረስ ሄዷል፤ ብዙዎቹንም ሥዕሎች የሠራ እሱ ነው። ጎንደር ላይ ታሞ በ1771 ሞተ፤ ብሩስ ግን በመጽሐፉ ከግሽ ጉዞ ስሙን አስቀረው፣ ሥዕሎቹንም የራሱ አስመሰላቸው። ዛሬ የባሉጋኒ የራሱ ማስታወሻ ስለተገኘ ነገሩ ተገልጧል።

የብሩስ መቃብር ስኮትላንድ ላርበርት በተባለ ቦታ ነው። ሁለተኛ ሚስቱ በ1785 በሞተች ጊዜ ከብረት ቀልጦ የተሠራ፣ የግብጽን ሐውልት የሚመስል ረጅም መታሰቢያ አቁሞላት ነበር፤ እሱም ኋላ አጠገቧ ተቀበረ። ሐውልት አምሮት የኖረ ሰው ሐውልት ሥር ተኛ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለኛ የሚተርፈው ይህ ይመስለኛል። ድንጋይ ብቻውን አይናገርም፤ ስምና ቀን ያስፈልገዋል። ኩፉን ያህል ንጉሥ ዘመኑ የታወቀው በጽሕፈትና በጀልባ ተቆጣጣሪ መዝገብ ጭምር ነው። እድራችን ፒራሚድ አይሠራም፤ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ነገር ግን የሟቹን ስም፣ ያረፈበትን ቀንና የተቀበረበትን ደብር አስተካክሎ መጻፍ ይችላል። የደሃውንም የባለጸጋውንም ሳይለይ፣ ከኛ በፊት የደከሙትን መሥራቾችም ሳይዘልል ይጻፍ። የባሉጋኒ ዓይነት ቅሬታ በኛ መዝገብ አይገኝ።

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን በሰላም ለከርሞ ያድርሰን።