ሐኪም ወርቅነህን ማን አስተማራቸው?



የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሕክምና ተማሪዎች ወገን አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የግቢ ትዝታ ነበር። የዶርሙን ብርድ፣ የካፌውን ሽሮ፣ ላይብረሪ ውስጥ ቦታ ለመያዝ በጠዋት የምንሮጠውን ሩጫ። ግን እሱን በየዓመቱ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ከእኔ ይበልጥ የሚያስቁም አሉ። እኔን ሰሞኑን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ኢንተርን ራውንድ ጨርሰን ስንወጣ የወጪ መጋራት ዕዳው ስንት እንደደረሰ አጫወተኝና በእኛ ጊዜ ማን ይከፍል እንደነበር ጠየቀኝ። መንግሥት እንደነበረ ነገርኩት። ወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል እኛ ወደ መጨረሻው ተቃርበን ነበር። ልጁ ዕድለኞች መሆናችንን ነግሮኝ ሄደ። እኔ ግን መልሴ ሙሉ እንዳልሆነ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ለዚህ ነው ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጽፍ የተነሳሁት። በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው ሐኪም የሆኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሳቸው መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፍሬሽ ሳለን ከመምህራኖቻችን አንዱ ነግሮን ነበር። ያን ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ ስማቸውን ጽፌ አለፍኩ። ማን አስተማራቸው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት አሁን፣ በአርባዎቹ ዕድሜዬ፣ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ በየሩብ ዓመቱ መቁጠር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ውስጥ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ሕፃኑ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ግርግር ከቤተሰቡ ተለያየ። ብቻውን ያገኙት የእንግሊዝ መኮንኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ኮሎኔል ቻምበርሌን፣ ልጁን ይዘውት ወደ ህንድ ተመለሱ። የሕፃናት ክፍል የሠራን ሁሉ እናውቃለን፤ የሦስት ዓመት ልጅ ስሙን ያውቃል፣ እናቱን ያውቃል፣ አገሩን ግን ለሰው ማስረዳት አይችልም። የት እንደሚወስዱት የጠየቀው አልነበረም፤ ቢጠየቅም የሚመልሰው አልነበረውም።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አጣ። የትምህርቱን ወጪ ሌላ መኮንን፣ ኮሎኔል ማርቲን፣ ተረከቡት። ልጁ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ስሙም ተለወጠ፤ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ቻርልስ ከመጀመሪያው ኮሎኔል፣ ማርቲን ከሁለተኛው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እኛ ሀገር የሰው ሁለተኛ ስም ምንድነው? የአባቱ ስም ነው። የዚህ ልጅ አባት እሸቴ ነበሩ። በእሸቴ ቦታ የገባው የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለው ሰው ስም ነው። ደረሰኙ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ያስተማሩንን ሰዎች ውለታ በልባችን እንይዛለን፤ እሳቸው ግን መድኃኒት ባዘዙ ቁጥር ይፈርሙበት ነበር።

ወጣቱ ከዚያ ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1860 የተመሠረተ፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በኪንግ ኤድዋርድ ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። አስቡት፤ ዕድሜው 18 ዓመት ገደማ ነው። እኛ በዚያ ዕድሜ ገና ፍሬሽ ነበርን፤ አናቶሚ ላብ ውስጥ የፎርማሊኑ ሽታ ዓይናችንን እያስነባው የነርቭ ስም ስንቸክል። እሱ በዚያ ዕድሜ ሐኪም ነው።

የላሆር ተማሪነቱን ሳስብ የሚከብደኝ ንባቡ አይደለም። ንባብ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሻማም ይሁን መብራት ሌሊቱ ያው ሌሊት ነው። የሚከብደኝ ዕረፍቱ ነው። ግቢ ሲዘጋ ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወደ አውቶቡስ ተራ እንሮጥ አልነበር? ሌላው ተማሪ ወደ ወላጆቹ ሲሄድ ለእሱ ቤት የሚባለው የት ነበር? እሱን እየጠበቀች የምትቆላ እናት፣ ስንት አመጣህ የሚል አባት አልነበረውም። የሚከፍልለት ሰው ነበረው፤ የሚጠብቀው ሰው ግን አልነበረውም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባኝ የእሱን ታሪክ ሳነብ ነው።

ከምርቃት በኋላ ሐኪም ወርቅነህ (ከእንግዲህ አንቱ ልበላቸው፣ ደመወዝተኛ ሆነዋልና) በእንግሊዝ ህንድ አስተዳደር ሥር አገለገሉ። ቆይተው ወደ ስኮትላንድ ሄደው ተጨማሪ የሕክምና ማዕረግ አገኙ፤ ከዚያም በርማ ውስጥ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ሠሩ። ሥራ አላቸው፣ ገቢ አላቸው፣ የተከበሩ ናቸው። ታሪኩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ከእኛ ባች ስንቱ ነው ውጭ ሄዶ እንዲሁ የተደላደለው? አልፈርድም፤ እኔም ፎርም ሞልቼ የማውቅ ሰው ነኝ።

1888 ዓ.ም. መጣ። የዐድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ እሳቸውም ጋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ልባቸው አላረፈም፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ወስደው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አማርኛ ረስተዋል። በሀገራቸው ሰው መካከል በአስተርጓሚ ነበር የሚነጋገሩት። አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማየት ጀመሩ። ሌላው ሐኪም የውጭ ዜጋ በሆነበት ዘመን ፊቱ የእኛ፣ አንደበቱ የፈረንጅ የሆነ ሐኪም በድንኳን ውስጥ ሲያክም ሕዝቡ ምን ብሎ ይሆን!

ወሬው ተሰማ፤ መቅደላ ላይ ልጅ የጠፋበት ቤተሰብም ሰማ። አያታቸው መጥተው አዩዋቸው። ቋንቋ አላገናኛቸውም። ያገናኛቸው ጠባሳ ነው፤ አያት ልጁ በሕፃንነቱ ሰውነቱ ላይ የነበሩትን ጠባሳዎች ያስታውሱ ነበር፣ ተፈትሾም ተገኘ። እኛ ሐኪሞች ጠባሳ ስናይ የቁስሉን ታሪክ እንጠይቃለን፤ እኚህ ሴት ግን በጠባሳ የሰውዬውን ስም መለሱለት። ወርቅነህ መባላቸውን፣ የእሸቴ ልጅ መሆናቸውን ያወቁት ሠላሳ ዓመታቸውን ካለፉ በኋላ ነው።

ለእሳቸው ግን ወዲያው ጠቅልሎ መግባት ቀላል አልነበረም። እንጀራቸው ያለው በርማ ነው። ተመለሱ። በ1901 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ታመው ሳሉ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱም ነበሩ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። እንደገና በርማ ሄዱ። በመጨረሻ ጡረታቸውን አስከብረው በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው ሀገራቸው ገቡ። ሃምሳ ዓመት አልፈዋል። ሰው ዕረፍት የሚያስብበት ጊዜ ነው።

እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነበር። የፍልውሃን መታጠቢያ አደራጁ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር ደከሙ። ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው የተመደቡት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። የትምህርቱ ወጪ በሌላ ሰው ኪስ የተሸፈነለት ልጅ አሁን የሌሎች ልጆች ስም በሚጻፍበት መዝገብ ፊት ተቀመጠ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ለማድረግ ሠሩ። የጣናን ግድብ ጉዳይ ለመነጋገር ኒውዮርክ በተላኩ ጊዜ ደግሞ የተማሩ ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው ኢትዮጵያን በሙያቸው እንዲያገለግሉ ጋበዙ።

እ.ኤ.አ. በ1935 የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ተቀመጡ። ጣሊያን ወረረን። ያሳደጋቸውና ያስተማራቸው የእንግሊዝ ሰው ነው፤ አሁን የቆሙት እንግሊዝን ለሀገራቸው ፍትሕ ሊጠይቁ ነው። በለንደን አደባባይ፣ በጋዜጣ፣ በስብሰባ የኢትዮጵያን ጉዳይ ሲያስረዱ፣ ገንዘብና የሕክምና ዕርዳታ ሲያሰባስቡ ከረሙ። የተከፈለላቸውን ውለታ አልካዱም፤ ግን ውለታው አፋቸውን አልዘጋውም። ይህ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ነው። የሚከፍልልን ሰው እጃችንን እንጂ ምላሳችንን አይገዛም።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። ሐኪም ወርቅነህ ልጆቻቸውን ለማስተማር ስስት አያውቁም ነበር። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ እንግሊዝ ሀገር ምህንድስና ተምረው ተመለሱ። ወረራው ሲመጣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። የካቲት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲፈጁ ሁለቱም ተገደሉ። አባት ያን ጊዜ ውጭ ሀገር ነበሩ። ስለ ልጅ ሞት ለወላጅ መንገር ከሥራችን ሁሉ የከፋው መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኚህ አባት የሁለት ልጆቻቸውን መርዶ የሰሙት ከሩቅ ሆነው ነው፤ የቀበሯቸው እሳቸው አይደሉም።

ሀገር ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ገደማ ተመለሱ። መስከረም 1945 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ ሕዝቡ የሚያውቃቸው አያታቸው በመለሱላቸው ስም ነው፤ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። ቻርልስ ማርቲን የሚለውን ታሪክ አንባቢ ካልሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሆኖም ያ ስም ባይኖር ይህኛው ስም ሐኪም የሚል ማዕረግ አይቀድመውም ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ልጁን ከሀገሩ የወሰደው ጦር ነው፤ ያስተማሩትም የዚያው ጦር ሰዎች ናቸው። አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አልቻልኩም፤ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ሁለቱን ይዘው የኖሩ ይመስለኛል።

ወደ ኢንተርኑ ጥያቄ ልመለስ። እውነት ነው፣ ዶርሙንና ካፌውን መንግሥት ችሎልናል። ግን ሃሪሰንን ፎቶኮፒ ያስደረገልን ማን ነበር? አንድ ኮፒ ለአራት ሆነን ምዕራፍ ምዕራፉን ቆራርጠን እንደምንካፈል የረሳችሁ አትመስሉኝም። የነጭ ጋወኑን፣ የስቴቶስኮፑን፣ የአውቶቡሱን? ለእኔ የከፈለችው አክስቴ ናት። እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክብ ነበር። በየወሩ ሠላሳ ብር በመንደራችን በሚያልፍ ሰው እጅ ትልክልኝ ነበር፤ ብሩ ሁልጊዜ ጥግ ጥጉ ላይ የሊጥ ምልክት ነበረው። በጭሱ ሳንባዋ ተጎድቶ ኖሯል። አምስተኛ ዓመት ሆኜ፣ በደረት ሕመም ኮርስ ላይ እያለሁ፣ ሳሏን በስልክ ሰምቼ ምን እንደሆነ አውቄው ነበር። ምርቃቴን አላየችም። ለኢንተርኑ መንግሥት ነው ብዬ ስመልስለት እሷን ዘልዬ ነው ያለፍኩት፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ከባቻችን ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ ልጅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ውጤቱ ከብዙዎቻችን ይሻል ነበር። ሠላሳ ብር የሚልክለት ስላልነበረ፣ እሱ ራሱ ለቤት መላክ ስለነበረበት ሄደ። ማንም አላባረረውም። እኛም ምንም አላደረግንም፤ ሃሪሰኑን ለሦስት ተካፈልን፣ በቃ።

የዛሬዎቹ ተማሪዎች ዕዳቸው ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው፤ ሥራ ሲይዙ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ ያልቃል። የእኛ ዕዳ ያልተጻፈው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዘንድሮው መገናኛ በር ላይ ስማችን የሚጻፍበት ካርድ ይሰጠናል። ከስማችሁ ሥር የከፈለላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ኮሎኔልም ይሁን ጉልት ቸርቻሪ፣ አባትም ይሁን የሠፈር ዕድር። ከዚያ ከየዲፓርትመንታችሁ መምህራን ጋር ስትገናኙ፣ ዘንድሮ ሠላሳ ብር የጎደለው ተማሪ ማን እንደሆነ ጠይቁ። እነሱ ያውቃሉ፤ ሁልጊዜም ያውቃሉ። እኔ ካርዴ ላይ የአክስቴን ስም ጽፌ ከምዝገባው ጠረጴዛ አጠገብ እቆማለሁ፤ ያቋረጠውን ልጅ አድራሻ የምታውቁ ካላችሁ እዚያ ታገኙኛላችሁ።